ደጋ አድሮ ቆላ ለሚወርድ መኪና

ከጎንደር ከተማ የሚወጣ ሰው በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ ዞሮ ዞሮ ቁልቁለት ያገኘዋል። በአዘዞ አድርጎ ወደ መተማ የሚሄደው ከ2,100 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ፣ አይከልን ካለፈ በኋላ፣ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ይወርዳል። ወደ ደባርቅ የሚያቀናው መጀመሪያ ዳገቱን ይወጣና ከደባርቅ ባሻገር ሊማሊሞ ላይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በጥምዝምዝ መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። ወደ ባሕር ዳር የሚጓዘውም ቢሆን እስከ ጣና ዙሪያ ሜዳ ድረስ ከፍታውን እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የወረደ ሁሉ ደግሞ ሲመለስ ያንኑ ከፍታ መውጣት አለበት። ስለዚህ የጎንደር መኪና የሚያረጀው በተጓዘው ኪሎ ሜትር ብዛት ብቻ ሳይሆን በመውጣትና በመውረድም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊያያቸው ከሚገቡ ነገሮች ውስጥ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነውም ይኸው ነው።

እኔ መምህር እንጂ መካኒክ አይደለሁም። የማሽከረክረው በፈረንጆች አቆጣጠር የ1998 ሞዴል የሆነ፣ ባለ 1.6 ሊትር ቤንዚን ሞተር ቶዮታ ኮሮላ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እጃችን ላይ ያለውን መኪና ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አለው፤ የመለዋወጫ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ባለፉት ዓመታት በእጄ የሠራሁትንና ለምን እንደሚሠራ የተረዳሁትን ብቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የራዲያተሩን ክዳን ነው፤ ምክንያቱም ለእኔ ትምህርቱ የተጀመረው ከእሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚያዝያ ወር እናቴን በመተማ መንገድ ላይ ካለችው ከሸህዲ ይዤ ስመለስ፣ ወደ አይከል የሚያወጣውን ዳገት እንደጀመርን የሙቀት መለኪያው መርፌ ከወትሮው ቦታው ተነሥቶ ወደ ቀዩ ምልክት ተጠጋ። መንገድ ዳር አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁ። ኮፈኑን ስከፍት ከክዳኑ ሥር እንፋሎት ይወጣ ነበር። እጄን ስዘረጋ ከኋላችን የቆመ የጭነት መኪና ሹፌር «ወንድሜ፣ እጅህን መልስ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ እናቴንም «እማማ፣ እዚያ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ፤ ይህ ነገር ግማሽ ሰዓት ሳይፈልግ አይቀርም» አላት። ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ በዝግታ ከፈተውና በውስጡ ያለውን የጎማ ቀለበት በጣቱ ሲነካው ጎማው ደርቆ ስለነበር ተሰነጣጠቀ። ራዲያተሩ ጤነኛ ነበር፤ የውሃ ፓምፑም እንዲሁ። ያን ሁሉ ያደረገው ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በጎንደር ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ባቄላ ጎንደር ላይ ከመተማ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለውም በዚህ ምክንያት ነው። የመኪና ሞተር ግን ምንም ሳይጎድለው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል። ክዳኑ በውስጡ ባለው ስፕሪንግና ጎማ አማካይነት ውሃውን ግፊት ውስጥ ያቆየዋል፤ በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር የሚታየው በባር የሚለካውን ይህን ግፊት ለማመልከት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን በከተማችን ከፍታ የንጹሕ ውሃን መፍያ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊቱን ስለማይዝ ሞተሩ በጤናው በሚሠራበት ሙቀት ውሃው መፍላት ይጀምራል። ባሕር ጠለል አጠገብ የሚኖር ሰው በተበላሸ ክዳን ብዙ ወራት ሊጓዝ ይችላል፤ እኛ ግን ያ ዕድል የለንም። ስለዚህ ክዳኑን፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት ማለዳ፣ በየሦስት ወሩ ከፍቶ ጎማውን መመልከት፣ የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነም ቁጥሩ ተመሳሳይ በሆነ አዲስ ክዳን መቀየር ማንም ባለቤት ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ክዳን መግጠም ይሻላል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ያረጁ ቱቦዎችና የራዲያተሩ ስፌት የሚፈነዱት በዚያ ነው።

ከክዳኑ ጋር ውሃው ራሱ መታየት አለበት። ብዙዎቻችን ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ብቻ እንጨምራለን። በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ይጋገራል፣ ዝገቱም ይከተላል፤ ክዳኑን ሲከፍቱ የሸክላ አፈር የመሰለ ቀለም ያለው ውሃ ካዩ ይህ ተጀምሯል ማለት ነው። ኩላንት የሚባለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ እኩል በእኩል ከተጣራ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ቢሞላ መፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል። ጎንደር ላይ ውሃ አይረጋምና ኩላንት አያስፈልገንም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል ያልሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ልማድ ግን ሳልቃወም ማለፍ አልችልም። ሞተር ሞቀ ተብሎ ወደ ጋራዥ የሄደ መኪና ብዙ ጊዜ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሎ ይመለሳል፤ ለአገራችን ሙቀት አያስፈልግም ይባላል። ቴርሞስታት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፣ 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ደግሞ ይከፍታል። እሱ ከሌለ ሞተሩ፣ በተለይ በጎንደር ማለዳ ብርድ፣ ወደ ትክክለኛው ሙቀት ለመድረስ እጅግ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ነዳጅ ከሚገባው በላይ ይወስዳል፣ ዘይቱም እንደሚገባ ሳይቀጥን ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሲወጣ የውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ይዞራል፣ ዳገት ላይም ሞተሩ ይብሱን ይሞቃል። ቴርሞስታት መበላሸቱን ለማወቅ አውጥቶ ሙቅ ውሃ ውስጥ መክተትና መከፈቱን ማየት ይበቃል። ጎንደር ላይ ውሃው 93 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ በ82 የሚከፈተውን ለመፈተን በቂ ነው። የማይከፈት ከሆነ ይቀየር፤ ተጥሎ ባዶውን አይታሰር።

ከዳገቱ ወደ ቁልቁለቱ ስመጣ የምናገረው ስለ ፍሬን ዘይት ነው። ጎማውን ይዘው የሚያስቆሙትን ሸራና ፓድ ሁሉም ሰው ያስባቸዋል፤ ሲጮኹ ይሰማሉና። የፍሬን ዘይት ግን አይጮኽም። ይህ ዘይት በተፈጥሮው ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ክረምታችን ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት የማያጣው ነው። አዲስ ዶት 3 የተባለው ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። በሊማሊሞ ላይ ፍሬን ተረግጦ ሲወረድ የፓዱ ሙቀት ወደ ዘይቱ ይተላለፋል፤ ዘይቱ ከፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ እግር እስከ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናውም አይቆምም። በደህና መንገድ ላይ ምንም ምልክት ያላሳየ ፍሬን ቁልቁለት መካከል የሚከዳው በዚህ መንገድ ነው። እኔ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ አስቀይራለሁ፤ አስቀይራለሁ ማለቴም አየር የማስወጣቱ ሥራ ለለመደ ሰው መተው አለበት ብዬ ስለማምን ነው። ባለቤቱ ራሱ ሊያደርግ የሚገባው በሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለውን ግልጽ መያዣ በየሳምንቱ ማየት ነው። ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ከወረደ ወይ ፓዱ አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ ምክንያቱን ሳይፈልጉ ዝም ብሎ መሙላት አደጋውን መሸፈን ነው። በቀለም ላይ ከፈሰሰም ቀለሙን ስለሚያነሣ ወዲያው በውሃ መታጠብ አለበት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገቡ፣ የሚወርዱ ወንድሞቼን እለምናቸዋለሁ፤ ይተዉት። ኢንጀክተር ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በፎሌ የሚወርድ ሰው ነዳጁንም አይቆጥብም፣ ፍሬኑንም ብቻውን ያሠራል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድማ የፍሬኑን ማገዣ ጭምር ማሳጣት ነው። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ደንብ ዛሬም ይሠራል።

የፊት ፓድ መቀየር ትዕግሥት ላለው ሰው ከባድ አይደለም። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው፣ የቸርኬው ብሎኖች መኪናው ከመነሣቱ በፊት ላላ ተደርገው ይጀመራል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ ከሻንሲው ሥር ጠንካራ የብረት መደገፊያ መኖር አለበት። አዲስ ፓድ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው እኔ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው እቀይራለሁ። ፓዱን የሚጫነው ፒስተን ወደ ኋላ ሲገፋ በላይኛው መያዣ ያለው ዘይት ሊፈስ ስለሚችል አስቀድሞ ማየት፣ የግራውንና የቀኙን ሁልጊዜ አብሮ መቀየር፣ ከጨረሱም በኋላ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፍሬኑን እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ከተረሳ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆናል።

የሞተር ዘይት ሥራው ይቀላል፤ የምሠራውም በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ነው። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሥቼ ዘይቱ ሞቅ ሲል እፈታዋለሁ፣ ያን ጊዜ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳልና። የታችኛው ብሎን ሮንዴላ በአዲስ ይቀየራል፤ ብሎኑም ሲታሰር በኃይል መጨነቅ የለበትም፣ ጥርሱ ከተበላ ጣጣው ብዙ ነው። የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ በንጹሕ ዘይት አርሶ፣ ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ማዞር በቂ ነው፤ በቁልፍ የታሰረ ፊልትሮ ሲፈታ ይቀደዳል። የእኔ ሞተር ከነፊልትሮው ሦስት ሊትር ገደማ ስለሚይዝ የአራት ሊትሩን ጣሳ ሙሉ በሙሉ መገልበጥ አይገባም። ስለ ዘይቱ ውፍረት ሰው ሁሉ ምክር አለው፤ ያረጀ ሞተር ነውና 20 ደብሊው 50 ይሻለዋል ይባላል። እኔ ግን የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን እከተላለሁ፤ የጎንደር ማለዳ ቀዝቃዛ በመሆኑ እጅግ ወፍራም ዘይት ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፣ የሞተር መበላት ትልቁ ክፍልም በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የሚደርስ ነው። አሮጌውን ዘይት በጀሪካን ሰብስቤ ለሚገለገልበት ጋራዥ እሰጣለሁ። ወደ ቦይ የፈሰሰ ዘይት የት እንደሚሄድ ማሰብ ይገባል፤ አንገረብ የምንጠጣው ውሃ ነው።

ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላን በተመለከተ የምመክረው አንድ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲፈታ ነው። የእኔ ሞተር ካንዴላዎች በገመድ የሚያያዙ ሲሆኑ የመፈንዳት ቅደም ተከተላቸው 1-3-4-2 ነው፤ አራቱም ገመዶች በአንድ ጊዜ ከተነቀሉ መደባለቃቸው አይቀርም። ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት፤ ካንዴላው የሚገባበት ራስ አሉሚኒየም ስለሆነ በትኩሱ ሲፈታ ጥርሱ ይላጣል። ገመዱ ሲነቀል ከጫፉ ጎማ ተይዞ እንጂ ገመዱ ራሱ ተጎትቶ አይደለም። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አቧራ ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት በአየር ይነፋ። አዲሱ ካንዴላ እስኪቀመጥ ድረስ በጣት ብቻ መዞር አለበት፤ ከተቀመጠ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃዋል። የወጣው አሮጌ ካንዴላም ሳይታይ አይጣል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ በዘይት ከራሰ ደግሞ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እየገባ ስለሆነ መካኒክ ማየት አለበት። የእኔ ጥላሸት በለበሰ ጊዜ ጥፋቱ የተገኘው አቧራ በደፈነው የአየር ፊልትሮ ላይ ነበር። ደጋ ላይ አየሩ በራሱ ቀጭን ስለሆነ ሞተሩ ቀድሞውኑ ከባሕር ጠለል ኃይሉ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ በላዩ ላይ የተደፈነ ፊልትሮ ሲጨመር ዳገቱ ያስታውቅበታል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ ያለውን የአቧራ ወቅት እያሰብኩ ፊልትሮውን በየወሩ አውጥቼ ከውስጥ ወደ ውጭ አስነፋለሁ፤ ብርሃን ካላሳለፈ እቀይራለሁ።

ዕቃ ለመግዛት ስንሄድ የምንጠራቸው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ የሚሉ ስሞች ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ ጎንደር ደግሞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ የነበረች ከተማ ናት። ባለ ሱቁ በእነዚህ ስሞች ወዲያው ይግባባል። ስሙ ግን ብቻውን አይበቃም፤ አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድና የሻንሲ ቁጥሩን ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል፤ የአንድ ስም መኪና በየዓመቱ የተለያየ ዕቃ ሊኖረው ይችላልና። ኦሪጅናል ይሁን ወይስ ኮፒ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ እንደ ዕቃው ይለያያል። ፓድ፣ የራዲያተር ክዳን፣ ቴርሞስታትና ቺንጋ (የሞተሩ የጎማ ቀበቶ) ላይ ገንዘቤን አልቆጥብም። ስፖኪዮ፣ የፍሬቻ መስታወትና የበር እጀታ ግን ከተፈታ መኪና የወጣም ቢሆን ችግር የለውም። የዝናብ መጥረጊያ ጎማ ደግሞ ርካሹም ቢሆን በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ከተቀየረ ክረምቱን ያወጣል።

ስለ ባትሪ ብዙ አልልም። ራሱ ላይ የሚወጣውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ ሲፈታ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ ሲታሰር ፖዘቲቩን መጀመሪያ ማድረግ፣ ውሃ ሲጎድል የተጣራ ውሃ እንጂ አሲድ አለመጨመር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ ወደ 14 ካልተጠጋ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የቺንጋው ሊሆን ስለሚችል አዲስ ባትሪ ለመግዛት አይቸኮል። ጎማን በተመለከተ ደግሞ ከጥርሱ ሌላ ዕድሜው ይታይ። በጎኑ ላይ ባለው ሞላላ ምልክት ውስጥ 2319 የሚል ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ነፋሱን መለካት የሚገባው ማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ መጠኑም በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ነዳጅ በሚጠፋበት ጊዜ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠውን ለመግዛት የተገደደ ሰው ቢያንስ በነጭ ጨርቅ አጥልሎ፣ ለጥቂት ጊዜም አስቀምጦ ከሥሩ ውሃ አለመኖሩን አይቶ ይቅዳ። በዚያ ዓመት የነዳጅ ፊልትሮውን ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ መቀየር ይገባዋል።

በራሴ የማልሠራው አንድ ትልቅ ነገር ይቀራል፤ እሱም የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያስተባብረው የታይሚንግ ቺንጋ ነው። ከእኔ መኪና በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ኮሮላዎችና ቪትዞች በሰንሰለት የሚሠሩ ሲሆኑ የእኔው የጎማ ቺንጋ አለው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ሲበጠስ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ በአንዳንድ ሞተሮችም፣ በተለይ በናፍጣዎቹ ላይ፣ ፒስተኑ ከቫልቩ ጋር ተጋጭቶ ሞተሩን ያወድማል። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው መቼ እንደተቀየረ የሚነግረው ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ያስቀይረው። የውሃ ፓምፑም ለቺንጋው በሚፈታው አካባቢ ስለሆነ አብሮ መቀየሩ ሁለተኛ የመፍቻ ዋጋ ያድናል። እኔ ያስቀየርኩበትን ቀንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ከኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከሥሩም የፍሬን ዘይቱና የራዲያተሩ ክዳን የተቀየሩበት ቀን አለ።